ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሠራተኛና የመድን ሽፋኑ፦ ጥያቄና መልስ

ለሥራ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ከሚላኩ ሠራተኞችና ከላኪ መሥሪያ ቤቶች የቀረቡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የሠራሁት በመድን ድርጅት የካሳ ክፍል በመሆኑ፣ መልሶቼ ፖሊሲው (የመድን ውሉ) ሲሸጥ ከሚነገረው ይልቅ ካሳ ሲጠየቅ በሚነበበው አንቀጽ ላይ ያተኩራሉ።

ጥያቄ፦ አሠሪያችን «ሁላችሁም መድን አላችሁ፣ አትስጉ» ይለናል። ይህ ለውጭ ጉዞም ይበቃል?

መልስ፦ ይህ አነጋገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ውሎችን ሊያመለክት ስለሚችል፣ የትኛው እንደተገባላችሁ ሳይታወቅ ይበቃል ወይም አይበቃም ለማለት ያስቸግራል። የዘወትሩ የሕክምና መድን አብዛኛውን ጊዜ በአገር ውስጥ የተወሰነ ነው፤ ከድንበር ውጭ የሚከፍል ቢሆን እንኳ በአገር ውስጥ የሕክምና ዋጋ ልክ ብቻ ሊከፍል ይችላል። የሥራ ላይ ጉዳት መድን ከሥራ የመነጨን ጉዳትና በሽታ የሚመለከት እንጂ፣ በጉዞ ላይ በድንገት የተነሳን የትርፍ አንጀት ሕመም የሚያስተናግድ አይደለም። የቡድን የአደጋ መድን ደግሞ ሞት ወይም ዘላቂ የአካል ጉዳት ሲደርስ አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ የሆስፒታል ሂሳብን የሚጨምር ከሆነም ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሕመምተኛን ማጓጓዝን፣ አስከሬን ወደ አገር መመለስን፣ የጓዝ መጥፋትንና በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂነትን አጣምሮ የሚይዘው አራተኛው፣ ማለትም የሥራ ጉዞ መድን ነው። አሠሪያችሁን ስትጠይቁ ይህን ውል በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ የሽፋኑን ጣሪያ፣ የሚጸናባቸውን አገሮችና ለአንድ ጉዞ የተፈቀደውን የቀን ብዛትም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ከስብሰባ በኋላ ማታ በሆቴሉ ውስጥ ወድቄ ብሰበር፣ ጉዳቱ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በየአገሩ ፍርድ ቤቶችን ያከራከረ ነው፤ መልሱም ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። ሁለት ውሳኔዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በአውስትራሊያ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ አሠሪዋ በያዘላት ማረፊያ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት በማድረግ ላይ ሳለች ከአልጋው በላይ የነበረ መብራት ወድቆ ፊቷ ላይ ጉዳት ያደርስባታል። የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በአብላጫ ድምፅ ካሳ አይገባትም ሲል ወሰነ፤ ምክንያቱም አሠሪው በማረፊያው እንድታድር እንጂ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ስታደርገው የነበረውን ነገር እንድታደርግ አላነሳሳም፣ አላበረታታምም የሚል ነው። በፈረንሳይ ደግሞ በሥራ ጉዞ ላይ የነበረ ሠራተኛ በተመሳሳይ ሁኔታ በልብ ድካም ሕይወቱ ያልፋል፤ የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሞቱን የሥራ ላይ አደጋ ነው አለ። በፈረንሳይ ሕግ ተልእኮ ላይ ያለ ሠራተኛ በጉዞው ዘመን ሁሉ ጥበቃ አለው፤ ተልእኮውን ለግል ጉዳይ ማቋረጡን ማስረዳት የአሠሪው ሸክም ነው።

ሁለቱን ጉዳዮች ያነሳሁት ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። አንድ ዓይነት ድርጊት በአንዱ አገር ካሳ ሲያስገኝ በሌላው የማያስገኝ ከሆነ፣ አስተዋይ አሠሪ በሥራ ላይ ጉዳት ሕግ ብቻ ተማምኖ ሠራተኛውን አይልክም ለማለት ነው። በሥራ ጉዞ መድን ውስጥ «ሽፋኑ በቀን ለሃያ አራት ሰዓት፣ በሥራም ሆነ ከሥራ ውጭ ይጸናል» የሚል አንቀጽ ካለ የእርስዎ የሆቴል ስብራት ያለ ክርክር ይሸፈናል። ይህን አንቀጽ ከሁሉ አስቀድመው ይፈልጉት።

ጥያቄ፦ ለሸንገን ቪዛ የ30,000 ዩሮ መድን ገዝቻለሁ። ሌላ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ 30,000 ዩሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ የተቀመጠ ዝቅተኛ መጠን ነው። ቪዛ ለማግኘት ይበቃል፤ ለከባድ ሕመም ግን ላይበቃ ይችላል። ለብዙ ቀናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል መተኛት፣ ወይም ሐኪም ባለበት ልዩ አውሮፕላን ረጅም ርቀት መጓጓዝ ከዚህ መጠን በቀላሉ ያልፋል። ሌላም ነገር አለ፦ ይህ ሽፋን የተገዛው ለሸንገን ክልል ብቻ ከሆነ፣ በመልስ ጉዞዎ ለሁለት ቀን ስብሰባ ለንደን ወይም ደብሊን ጎራ ቢሉ በዚያ የሚደርስብዎትን አይሸፍንም።

ጥያቄ፦ በባዕድ አገር ብታመም መጀመሪያ ማድረግ ያለብኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሕይወትን የሚያሰጋ ከሆነ በቅድሚያ የአገሩን አምቡላንስ ይጥሩ፤ ከዚያ ወዲያው፣ ሕመሙ ቀለል ያለ ከሆነ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊት፣ በመድን ካርድዎ ላይ ወደተጻፈው የእርዳታ ማዕከል ይደውሉ። ካየኋቸው ውድቅ የተደረጉ ወይም የተቀነሱ የካሳ ጥያቄዎች ብዙዎቹ መነሻቸው የዚህ ስልክ ጥሪ አለመደረግ ነበር። ማዕከሉ ለሆስፒታሉ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው ከሌለ የግል ሆስፒታሎች ከመቀበላቸው በፊት ከሕመምተኛው ተቀማጭ ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ያለ ማዕከሉ ፈቃድ የተኛን ሰው ወጪ ፖሊሲው በከፊል ብቻ ሊመልስ ይችላል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይመልስም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ስለ ማጓጓዝ ነው። ሕመምተኛውን ወዴትና መቼ ማንቀሳቀስ እንደሚገባ የሚወስኑት የማዕከሉ ሐኪሞች ከሚያክመው ሐኪም ጋር ተመካክረው ነው፤ ሕመምተኛውም፣ ቤተሰቡም፣ አሠሪውም አይወስኑም። አብዛኞቹ ፖሊሲዎች የሚያጓጉዙት ተገቢው ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል እንጂ የግድ ወደ አገር ቤት አይደለም። «በራሳችን አውሮፕላን ተከራይተን አመጣነው፣ ክፈሉን» የሚል ጥያቄ ደርሶኝ ያውቃል፤ አሳዛኝ ቢሆንም ውሉ እንዲህ ያለውን ወጪ አይመልስም ነበር።

እርስዎ ራስዎን ሊስቱ ስለሚችሉ የእርዳታ ማዕከሉን ስልክ ቁጥር ለሥራ ባልደረባዎና ለቤተሰብዎ ትተው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ለአሠሪዬ ሳልናገር ብጓዝስ?

መልስ፦ የሕክምና ምሥጢርዎ የእርስዎ ነው፤ ለአሠሪዎ የመንገር ግዴታ የለብዎትም ይሆናል። መድን ሰጪው በቅጽ ከጠየቀዎት ግን እውነቱን መጻፍ አለብዎት፤ የተደበቀ ሕመም ለመድን ሰጪው ካሳ መከልከያ፣ አንዳንዴም ውሉን ማፍረሻ ምክንያት ይሆናል። ቀድሞ የነበረ ሕመም ሲባል ስም የወጣለት በሽታ ብቻ ማለት አይደለም። ከጉዞው በፊት ባለው በውሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምልክት የታየበት፣ ሐኪም የታየበት ወይም መድኃኒት የተቀየረበት ማንኛውም ነገር ሊጠቃለል ይችላል። ለብዙ ሠራተኞች በአንድነት የሚገቡ የቡድን ፖሊሲዎች በዚህ ረገድ ግለሰብ ከሚገዛው ይልቅ ለዘብ ማለታቸው የተለመደ ነው። ሐኪም «አትጓዝ» ያለው ሰው ቢጓዝ ግን የትኛውም ዓይነት ሲከፍል አላየሁም።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ከሻንጣዬ ጋር ቢጠፋ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ አየር መንገዱ በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ኃላፊነት አለበት፤ ነገር ግን ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ ጓዝ ጣሪያው 1,519 ልዩ የመውሰጃ መብት (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ) ነው፤ ይህም ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። የጉዞ መድንም ለአንድ ዕቃ የተለየ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ የአሠሪን ንብረት ከሽፋን የሚያወጣም አለ። ላፕቶፕ በእጅ ይያዛል እንጂ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አይጫንም። ሻንጣ ካልመጣ ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ በአየር መንገዱ መስኮት አስመዝግበው ቅጹን ይቀበሉ፤ ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ ከተረከቡበት አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ የጽሑፍ አቤቱታ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። ከተሰረቀ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስብሰባው ሲያበቃ ከባለቤቴ ጋር ጥቂት ቀን ብቆይስ?

መልስ፦ በፖሊሲው ይወሰናል። ከሥራ ጉዞ ጋር የተያያዙ ጥቂት የእረፍት ቀናትን የሚሸፍኑ ውሎች አሉ፤ ባለቤትዎ ግን በስም ካልተካተቱ አይሸፈኑም።

ጥያቄ፦ አዘጋጁ ስብሰባውን ቢሰርዘው የትኬቱ ገንዘብ ይመለሳል?

መልስ፦ ባብዛኛው አይመለስም። የስረዛ ሽፋን የሚሠራው በውሉ ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ለተጓዡ ወይም ለቅርብ ዘመዱ ሕመም። የቃላቱ ጥበት ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ ታይቷል፤ ፖሊሲያቸው «መጥፎ የአየር ሁኔታ» ይል ስለነበር፣ አመድ የአየር ሁኔታ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር የገጠማቸው መንገደኞች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ደመወዝተኛ ያልሆነ አማካሪ እንልካለን። በእኛ ፖሊሲ ይሸፈናል?

መልስ፦ በውሉ መግቢያ ላይ «መድን ገቢ» ለሚለው የተሰጠውን ትርጉም ያንብቡ። «ሠራተኛ» ብቻ ካለ አማካሪው ውጭ ነው፤ በተጨማሪ ውል ማስገባት ይቻላል፣ አረቦኑም (ለመድን ሰጪው የሚከፈለው ዋጋ) ብዙ አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ሁከት ወዳለበት አገር ልላክ ነው። አሠሪዬ የእገታ መድን ገብቶልኝ እንደሆነ ብጠይቅ «አንናገርም» ተባልኩ። ይህ አግባብ ነው?

መልስ፦ አዎን። የእገታ መድን መኖሩ ከታወቀ ሠራተኛውን ለአጋቾች ኢላማ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ምሥጢር መጠበቅ የውሉ ግዴታ ነው፤ አሠሪው ቢነግርዎት ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል። ያለ ችግር ሊጠይቁ የሚገባዎት ሌላ ነገር ነው፦ የጉዞ መድኑ ጦርነትን ከሽፋን ያወጣል ወይ፣ ካወጣስ በውጊያው ሳይሳተፍ በመካከል ለተገኘ ሰው ልዩ ድንጋጌ አለው ወይ፣ መንግሥት «ወደዚያ አትሂዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኋላ የተጀመረ ጉዞስ ይሸፈናል ወይ። ለእነዚህ ሦስቱ በጽሑፍ መልስ ካላገኙ ትኬቱ እንዳይቆረጥ ይጠይቁ።