አዲሷ ኢንቨርተር ጂሬን ላይ ለምን ለገመች?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ ወጣት በያጅ ነው። «ጋሼ፣ በትከሻ የምትንጠለጠል ትንሽ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ስሞክራት ቅቤ ነበረች። እዚሁ ጅማ፣ ጂሬን የግቢ በር ልሠራ ወስጄ ከጎረቤት ቆጣሪ በ40 ሜትር ኤክስቴንሽን ብሰካት ግን ኤሌክትሮዱ (የብየዳ ዘንጉ) ይጣበቃል፣ አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው ብልጭታ) ይጠፋል። አመሻሽ ላይ ይብሳል። ኤሌክትሪሺያን በቴስተር ለክቶ 220 ነው፣ ደህና ነው አለኝ። ልመልሳት?»

አትመልሳት። እኔ የጠረጠርኩት ኤክስቴንሽኑን ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ በ40 ሜትር ገመድ ሳብኩ ብለሃል። እዚያ ላይ ስደርስ የቀረውን ማንበብ አላስፈለገኝም።

እኔም አንዷን ገዝቻለሁ። መጀመሪያ ሳያት ናቅኳት። እኛ ሂርማታ አካባቢ የለመድነው ሁለት ሰው የሚሸከመውን የድሮ ትራንስፎርመር ነው። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በ80 አምፔር ስታቃጥል ግን አፌን አስያዘችኝ። ላይዋ ላይ የተጻፈውን 200 አምፔር ግን አትመነው። አብሯት የመጣው መቆንጠጫም የማይረባ ነው፤ የእኔው በሁለተኛው ቀን ስፕሪንጉ ላላ።

ኤሌክትሪሺያኑ የት እንደሳተ ልንገርህ። ሲለካ ማሽኗ ሥራ ላይ አልነበረችም። አምፔር ካልሄደበት ገመድ ቮልት አይበላም። የፀጉር ያህል ቢቀጥንም 220 ያሳይሃል። ጉዱ የሚወጣው አርክ ስትጭር ነው። በ80 ስትበይድ ከመስመሩ ወደ 15 አምፔር ትስባለች። ገመድህ ባለ 1 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) መዳብ ነው እንበል። 40 ሜትር ሄዶ 40 ይመለሳል፤ 80 ሜትር፣ የገመዱ ተቃውሞ 1.4 ኦም ገደማ። በ15 አባዛው። 21 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ራሱ 190 ከወረደ፣ ማሽኗ ጋ 170 እንኳ አይደርስም። እሷ ደግሞ የጎደላትን ቮልት በአምፔር ልታካክስ ትሞክራለች። አምፔር በጨመረ ቁጥር ገመዱ የባሰ ይበላል።

ይሄ እንግዲህ ገመዱ እውነት መዳብ ከሆነ ነው። ጫፉን በቢላዋ ፋቅ አድርገው። ከቀዩ ሥር ነጭ ከታየህ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሸጠውልሃል። ገበያው በሱ ተሞልቷል።

የላክልኝን ፎቶም አየሁት። መሃል ላይ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረ ቅጥያ አለ። ስፒናው ውስጥ አረንጓዴ-ቢጫው ሽቦ፣ ማለትም ኧርዙ (ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው)፣ ተቆርጧል። ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ኧርዝ ትርፍ ሽቦ አይደለም! ውስጧ አንድ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮዋን ቢነካ፣ በዝናብ በራሰ መሬት ላይ ቆመህ የምትነካት አንተ ነህ።

መጀመሪያ ማሽኗን ቆጣሪው አጠገብ ወስደህ፣ ያለ ኤክስቴንሽን፣ በዚያው ኤሌክትሮድ ሞክራት። ቀጥ ብላ ካቃጠለች ባለ 4 ካሬ የመዳብ ገመድ ግዛ። ያ 21 ቮልት ወደ 5 ይወርዳል። ስትሠራ ጠቅልለህ አታስቀምጠው፣ ይግላል፤ ሙሉውን ዘርጋው። ሦስቱም ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂድ። ኧርዙን ደግሜ እላለሁ፦ እሱ ሳይታሰር እንዳትሰካት።

ኤሌክትሮዱን ደግሞ ክፍት ካርቶን ውስጥ አትተወው። የጅማ ክረምት ያረጥበዋል፣ እርጥብ ኤሌክትሮድ ራሱ ይንጣጣል። ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ይበቃዋል።

ቆጣሪው ጋም ካስቸገረችህ፣ ያኔ ለሻጩ መልሳት። ግን አንተ እንዳትከፍታት። ከተነቀለችም በኋላ ውስጧ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ለተወሰነ ጊዜ ይመታሉ። ማኅተሙ ከተቀደደ ደግሞ ሻጩ ዋስትና የሚባል ነገር አያውቅም።