ማን ማንን ይበላል? ኃይሉስ የት ይገባል? (ክፍት ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ያላችሁ ጎረቤቶች ጥያቄ ስታጠራቅሙ ሰንብታችኋል። ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ሣር፣ ሣር በል፣ ሥጋ በል የሚለውን ከትምህርት ቤት ስለምታውቁት ከዚያ አልጀምርም። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ለጅብም ሆነ ለውሻ ብላችሁ የተመረዘ ሥጋ አታስቀምጡ። ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ጋሼ፣ ልጄ ተማሪ ናት። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል 10 በመቶ ብቻ ነው ተብላ ተምራለች። ቀሪው 90 የት ገባ ብላ ያዘችኝ።

መልስ፦ ልጅሽ ጎበዝ ናት። አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አይጥ እህል ስትበላ ያገኘችውን ኃይል ለመሮጥ፣ ለመተንፈስ፣ በእንጦጦ ብርድ ሰውነቷን ለማሞቅ ትጨርሰዋለች። ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ጥቂት ነው። ጭልፊቱ የሚያገኘውም ያንኑ ጥቂት ነው። ሌላው ደግሞ ጭራሽ ሳይበላ ይቀራል፤ ሥሩ፣ ገለባው፣ አጥንቱ። የተበላውም ቢሆን ሁሉም አይፈጭም።

ስሌቱን እንዲህ አሳዪያት። ሣሩ ላይ 10,000 ኪሎ ካሎሪ ቢኖር አይጧ ላይ 1,000፣ እባቡ ላይ 100፣ እባቡን የበላው ንስር ላይ 10 ይደርሳል። ንስር ብርቅ፣ አይጥ ግን የትም የሚገኝበት ምክንያት ይኸው ነው። ሙቀት ሆኖ የወጣውን ሣሩ መልሶ ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ፀሐይ በየቀኑ አዲስ ኃይል መላክ አለባት። ከምታበራው ብርሃንም ተክል ወደ ምግብ የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 በመቶ አይበልጥም።

10 በመቶው ደግሞ አማካይ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ወፍና አጥቢ እንስሳ ሰውነታቸውን ሲያሞቁ ስለሚውሉ ከፈጩት ምግብ ወደ ሥጋ የሚቀይሩት ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህል ነው። ነፍሳት በብዙ እጥፍ ይሻላሉ። ይህን የኃይል ሂሳብ መልክ ያስያዘው ሬይመንድ ሊንደማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ ጽሑፉ በ1942 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሱ ግን በዚያው ዓመት፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ኅትመቱን ሳያይ አረፈ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ስለ ኢኮሲስተም ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ምኑን? ጥያቄህን ጠበብ አድርገህ መልሰህ ላክ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ እኛ ጋ እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ባለቤቴ መሬቱን እየጎዳችሁት ነው ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሜዳው ላይ የዋለ፣ ላዩ የደረቀ እበት አግኝተሽ በእንጨት ገልብጪው። ውስጡ ገና እርጥብ ነው። እርሳስ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ታያለሽ፤ የጢንዚዛ ናቸው። ነጫጭ እጮች ተጠቅልለው ተኝተዋል። ከስር አፈሩን ጫር ብታደርጊው የምድር ትል ይወጣል። ያቺ መንቁሯ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ፣ ስትነሳ አገር የምታናጋው ወፍ ሜዳው ላይ ስትወጋጋ የምትውለው እነዚህን ፍለጋ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም፤ እናንተ ጋ ግን በየሜዳው ናት።

ላም ከበላችው ሣር ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ኃይል ሳይፈጭ በእበቱ ይወጣል። ለነዚህ ፍጥረታት ሙሉ ማዕድ ነው። በአብዛኛው የየብስ ምድር የተክሉ ትልቁ ድርሻ በከብትም በአጋዘንም አፍ አያልፍም። ሞቶ ይወድቅና ለአብስባሾች፣ የሞተውን እያፈራረሱ ለሚበሉት፣ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ግን ሣር፣ ጥንቸል፣ ቀበሮ ብለው ሥዕል ሲስሉ አብስባሹን ጥግ ላይ በትንሽ ቀስት ያልፉታል። ይህ ሁሌ ያናድደኛል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ኩበቱ ሲነድ ኃይሉ እንጀራሽን ይጋግራል። ናይትሮጅኑ ግን በአብዛኛው በጭሱ ይሄዳል። ፎስፈረስና ፖታሲየም አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ሌላ ማገዶ እስኪገኝ ቢያንስ አመዱን ማሳ ላይ በትኑት፤ ገደል አትድፉት። ኃይል አንዴ ከሄደ አይመለስም። ንጥረ ነገሩ ግን ካላባከናችሁት ይዞራል። ባለቤትሽ ልክ ነው፤ ማገዶውን ግን እሱም ያምጣ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ጅብ አህያዬን በላብኝ። በዚህ ሰሞን በዝቷል። ምን ይሻላል?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ከቀረው ሥጋ ላይ መርዝ አድርግበት። በሁለት ቀን ይጠራል።

መልስ፦ አይሆንም! ከላይ የጻፍኩትን አላነበብክም። የተመረዘ ሥጋ ጅቡ ጋ ብቻ አይደርስም። የሰፈር ውሻ ይበላዋል፣ ቁራ ይበላዋል። ጥንብ አንሳዎች ደግሞ አንዱ ሲወርድ ሌላው አይቶ ስለሚከተል በአንድ በድን ላይ በርካታ ሆነው ያልቃሉ። ቦትስዋና ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. በተመረዙ ሦስት የዝሆን በድኖች ከ500 በላይ አሞራዎች ሞተዋል። አብዛኛው ጥንብ አንሳ በዓመት ቢበዛ አንድ እንቁላል ነው የሚጥለው። ያለቀውን ለመተካት ዕድሜ ይፈጃል።

ሕንድ የደረሰውንም ስሙ። ከብት የሚታከምበት ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በድኑ ውስጥ ቀርቶ አሞራውን ኩላሊቱን ይገድለዋል። በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አንዱ የጥንብ አንሳ ዝርያ ከ99 በመቶ በላይ አለቀ። ምክንያቱ የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ታገደ። እስከዚያ ግን በድኑ ሜዳ ላይ ሲበሰብስ፣ የባለቤት አልባ ውሻ ቁጥር አሻቀበ። ማዕዱ አልጠፋም፤ ተመጋቢው ተቀየረ። የመጣው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ የሚመጣው ውሻ ነው።

አሁን ወደ አህያህ። አህያው የተበላው በጾም ወቅት ከሆነ አይግረምህ። ትግራይ ውስጥ የተሠራና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ የጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘውን ፀጉር እየለዩ የማን እንደሆነ አዩ። የአህያ ፀጉር ከሁዳዴ በፊት 15 በመቶ ገደማ ነበር። በጾሙ 33 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ መልሶ ወረደ። በ55ቱ ቀን ሥጋ ቤት ሲዘጋ፣ ከየቤቱ የሚጣል አጥንት ሲጠፋ፣ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። የኛ ጾም ጅቡ ሆድ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

የጅብ ዓይነ ምድር ነጭ የሚሆነውም ከሚበላው አጥንት የተነሳ ነው። ጅብ አጥንት ፈጭቶ ቅልጥሙን ይጠቀምና ካልሲየሙን ይጥለዋል። ከከተማ ዳር በድን በየሌሊቱ የሚጸዳው በሱ ነው። አንተ ማድረግ ያለብህ፦ አህያህን ማታ በር ባለው በረት አስገባ። ያረጀ አህያም ጉልበቱ አለቀ ተብሎ አስፋልት ዳር አይለቀቅ። ጅቡን ሰፈር የሚያለምደው እሱ ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ 10 በመቶ ሲባል ቀሪው የት ይሄዳል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ድጋሚ አልጽፈውም።

ጥያቄ (ከእንጦጦ ስር)፦ ባሕር ዛፍ ስር ለምንድነው ምንም የማይኖረው?

መልስ፦ ቅጠሉ ዘይትና ታኒን የሚባል አፍ የሚያስር ነገር አለበት። እዚህ የሚበላው እንስሳ ጥቂት ነው፣ ሲረግፍም ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው። ስለዚህ ኃይሉ አለ፣ ተመጋቢው ግን የለም። መናገሻ ሱባ ሄደህ ጽድና ወይራ ስር ያለውን አፈር በእጅህ ዝገን፤ ልዩነቱን ራሱ ይነግርሃል።

አንድ አባል፦ ምንጫችንን ያደረቀው እሱ ነው። መነቀል አለበት!

ሌላ አባል፦ ባሕር ዛፍ ባይኖር አያትህ በምን ያበስሉ ነበር? በምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትፈታ ነበር እኮ።

አንድ አባል፦ አያቴን ተዋቸው። እኔ የማወራው ስለ ውሃ ነው።

ሌላ አባል፦ አንተ ጣሪያህን በምን አቆምከው ታዲያ?

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ክርክራችሁ ግን ከጥያቄው ወጥቷል። ምንጭ አጠገብ አትትከሉት። በሌላ ቦታ ማገዶም ማገርም ነው። በቃ፣ እንቀጥል።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ያለው እምቦጭስ?

መልስ፦ ውሃ የኔ ዘርፍ አይደለም። ባጭሩ፦ ከተማው በወንዞቹ የሚለቀው ቆሻሻ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ላዩን ሲሸፍን ከስር ብርሃን ይጠፋል፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ዓሣው ያኔ ይሞታል።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ለዶሮዎቼ የትኛው መኖ ይሻላል?

መልስ፦ የእንስሳት ባለሙያ ጠይቂ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ጣሪያችን ውስጥ ጉጉት ገብታለች። እናቴ ሟርት ነው፣ ትባረር ትላለች። አይጡም በዝቶብናል፣ መርዝ ልገዛ ነው።

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ፦ መርዝ አይሆንም። የተመረዘች አይጥ ብዙ ጊዜ ቶሎ አትሞትም። ዞሮባት ስትንገዳገድ ጉጉቷ በቀላሉ ትይዛትና እሷም ትሞታለች። አይጡን በወጥመድ ያዝ፣ እህሉን በሚከደን ነገር አስቀምጥ።

እናትህን በክብር እንዲህ በላቸው፦ እማዬ፣ ይህች ወፍ በየሌሊቱ ጎተራችንን የሚፈጁትን ነው የምትበላው። ካላመኑህ ጠዋት ጉጉቷ ከምታርፍበት ስር ፈልግ። አውራ ጣት የሚያህሉ ጠቆር ያሉ ድቡልቡሎች ታገኛለህ። ያልተፈጨውን ጠቅልላ በአፏ የተፋችው ነው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ በእሾህ ፈልቅቃቸው። ፀጉሩ ይለያል፣ ከውስጡ ትንንሽ የራስ ቅል ከነጥርሱ ይወጣል። እናትህ አጠገብ ቁጭ ብለህ አብራችሁ ቁጠሩ። ስንት እንዳገኛችሁ እዚሁ ጻፍልኝ።