ትከሻው ደጋግሞ ለሚወልቅበት ወንድም

«ትከሻዬ አራት ጊዜ ወለቀ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አለኝ፤ እናቴ ግን ወጌሻ ጋ እንሂድ ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?» ላልከው ወንድሜ፣ የእኔም ጉዳይ ቁርጥ እንዳንተው ነበር። ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው። ኮርኒስ ልቀባ እጄን ሳነሳ ይወልቅብኝ ነበር። ኋላማ ተኝቼም መውለቅ ጀመረ።

1. እናትህን በፍቅር እንቢ በላቸው። ወጌሻ የወለቀውን ቢመልስ እንኳ የተቀደደውን አይሰፋም። ትከሻ ሲወልቅ በመገጣጠሚያው ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ጠርዝ ይቀደዳል፤ ሐኪሞች ላብረም ይሉታል። በተደጋጋሚ ሲወልቅ ደግሞ አጥንቱም ይሸረፋል። ራጅ ሳይነሱ መጎተት ሌላ ጣጣ አለው፤ ስብራት ካለ ያባብሰዋል። የትከሻህ ውጪኛው ጎን ከደነዘዘህ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገረው።

2. የትኛው ኦፕራሲዮን እንደሆነ ጠይቅ። ባንካርት የሚሉት የተቀደደውን ጠርዝ መልሶ መስፋት ነው፤ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ይሠራል። ላታርዤ የሚባለው ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ያስተዋወቀው ነው። ከትከሻው ፊት ለፊት ያለች ትንሽ አጥንት ከነጅማቷ ተቆርጣ የተሸረፈው ቦታ ላይ በብሎን ትታሰራለች። ከጉድጓዱ አጥንት 20 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ከሄደ ስፌት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይዝም። ኤምአርአይ ላብረሙንና ጅማቱን ያሳያል። የአጥንቱን ሽራፊ በደንብ የሚለካው ግን ሲቲ ስካን ነው።

3. የምርመራህን ምስል የያዘውን ሲዲ ተቀበል! እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። አንድ የምርመራ ማዕከል ለኤምአርአይ ያን ሁሉ ብር ተቀብሎ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። «ላብረም ተቀዷል» ትላለች፣ አለቀ። ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን ራሱን ልየው አለኝ። ተመልሼ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ሐኪምህ ማንበብ አይችልም እንዴ?» አይለኝም! ነገ ና ተባልኩ። በነጋታው ሲዲ አልቋል። ባዶ ሲዲ ገዝቼ ብሄድ «ከውጭ የመጣ አንቀበልም፣ ቫይረስ አለው» አሉኝ። የከፈልኩበትን የገዛ ትከሻዬን ፎቶ እኮ ነው የለመንኩት! ጭቅጭቁ ሲመረኝ ሌላ ቦታ ሄጄ፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝን ሲቲ ስካን ተነሳሁና ከነሲዲው ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሙ እንዳየው ዕቅዱን ከስፌት ወደ ላታርዤ ቀየረ። አጥንቱ ክፉኛ ተሸርፎ ኖሯል። በዚያች ወረቀት ብቻ ብገባ ኖሮ ተሰፍቼ እንደገና ይወልቅልኝ ነበር። ሰው ነዝናዛ ይለኛል፤ ይበለኝ።

ኦፕራሲዮኑን አትፍራው፣ ተኝተህ ያልፋል። ከማደንዘዣው ጋር ለነርቩ መርፌ ስለሚወጉህ እጅህ እስከ ማግስቱ የሌላ ሰው እጅ ሊመስልህ ይችላል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ነው። ለሳምንታት ክንድህን አንጠልጥለህ፣ በትራስ ተደግፈህ ነው የምትተኛው። ዘመድ «እስቲ በቅቤ ልሽልህ» ይላል፤ አታስነካ። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ አቁም፣ ካላቆምክ አጥንቱ ቶሎ አይገጥምም።

ለፊዚዮቴራፒ የሚሆን ብር ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለይተህ አስቀምጥ። ሐኪሙ ጀምር ሲልህ ጀምር፤ ካልጀመርክ ትከሻህ ይደርቃል፣ ከቸኮልክም ብሎኑን ታናጋዋለህ። የእኔ ፊዚዮቴራፒስት እጄን በግድግዳ ላይ በጣት በጣት ስታስወጣኝ እንባዬ ይመጣ ነበር። ዛሬ ኮርኒስ እቀባለሁ። እጄ ወደ ውጭ ሲዞር ከግራው ትንሽ ያንሳል እንጂ ወልቆ አያውቅም።

አንተ ግን የቀኝህ ነው የግራህ? ሥራህስ ምንድን ነው? ከባድ የምታነሳ ከሆነ ከአሠሪህ ጋር ስለ ፈቃድ እንዴት እንደተነጋገርኩ በውስጥ እጽፍልሃለሁ።