የስልክ መተግበሪያ ሥራ ከየት ይጀመራል? ጥያቄና መልስ

ጀማሪዎች ከላኳቸው ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አጣምሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በአንድሮይድ ልጀምር ወይስ በአይፎን?

መልስ፦ ማክ ኮምፒውተር ከሌለዎት ምርጫው ተወስኗል። የአይፎን መተግበሪያ የሚገነባበት ኤክስኮድ የሚሠራው በማክ ላይ ብቻ ነው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ ይጫናል። ለማሳተም ጉግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላሉ። በራስ ስልክ ላይ እየሞከሩ ለመማር አንዱም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የተማርኩት የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫ ነው። ለአንድሮይድ ኮትሊን ግድ ነው?

መልስ፦ ጃቫው አይባክንም፤ ሁለቱ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሆኖም ጉግል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኮትሊን ነው፤ ገጽ የሚሠራበት ጄትፓክ ኮምፖዝም የሚጻፈው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ተጽፎ በአንድሮይድም በአይፎንም የሚሠራበት ፍላተር እያለ ሁለት ጊዜ መጻፍ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ለአነስተኛ ቡድን እኔም ፍላተርን እመክራለሁ። ነገር ግን የአይፎኑን ቅጂ ለመገንባት አሁንም ማክ ያስፈልጋል። «የትኛው ይሻላል» እያሉ ከመክረም አንዱን ይዞ መጨረስ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የዕቃ መቁጠሪያ ሠራሁ። ስልኩን ወደ ጎን ሳዞረው ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ስልኩ ጤነኛ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ይህን ጥያቄ ነው፤ የስልክ ፕሮግራም ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚለይበትን ቦታ ይነካልና። ስክሪኑ ሲዞር አንድሮይድ ገጹን የሚይዘውን አክቲቪቲ የተባለ ክፍል አፍርሶ እንደገና ይፈጥረዋል፤ በተራ ተለዋዋጭ የያዙት ቁጥርም አብሮ ይጠፋል። ኮምፖዝ ውስጥ «ሪሜምበር» (remember) ያሉትን «ሪሜምበር ሴቨብል» (rememberSaveable) ያድርጉት። ዳታውን ከአክቲቪቲው ውጭ የሚይዘው ቪውሞዴልም ከመዞር ያድናል፤ ግን መቁጠሪያውን የሚጠቀመው ባለሱቅ ስልክ ተደውሎለት ሲወያይ ሲስተሙ ራም አንሶት መተግበሪያውን ከዘጋው ቪውሞዴሉም አይተርፍም። ሊጠፋ የማይገባው መዝገብ ሩም በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ይጻፍ።

ለመፈተን በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ «የግንባታ ቁጥር» የሚለውን 7 ጊዜ ይንኩ፤ የገንቢ አማራጮች ይከፈታሉ። እዚያ አክቲቪቲዎች እንዳይቀመጡ የሚያደርገውን ያብሩና ከመተግበሪያው ወጥተው ይመለሱ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ነው ያለው፤ ኢሙሌተሩ (ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስለው ፕሮግራም) አላሠራ አለኝ።

መልስ፦ ይተዉት። በእነዚያው የገንቢ አማራጮች የዩኤስቢ ማረሚያውን ከፍተው ስልክዎን በገመድ ያገናኙ። ስልኩ ርካሽና አሮጌ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ እዚያ ላይ የፈጠነ የትም ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት እፈልጋለሁ። ከፈረንጆቹ ዓመት 8 ልቀንስ?

መልስ፦ አይቀንሱ! ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ «ኢትዮፒክ ካላንደር» የሚባል ክፍል ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ እሱን ይጠቀሙ። የወሩን መምረጫም ባለ 12 አድርገው ጳጉሜን የዋጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ዛሬውኑ ጉግል ፕሌይ ላይ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በግል ስም አዲስ የተከፈተ አካውንት ከሆነ አይችሉም። አስቀድሞ ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራ (ለተመዘገቡ ሞካሪዎች ብቻ በሚከፈት ሙከራ) ውስጥ መቆየት አለባቸው። የቢሮና የሰፈር ወዳጆችዎን ዛሬውኑ ይመዝግቡ፤ አንድሮይድ ስልክ ያላቸውን ብቻ።