ወገቤ ወጌሻ ያሻዋል

ጥያቄ፦ «የኔታ፣ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬ ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ማሳጅ ቤት ልከፍት ነው። እናቴ ‹ማሳጅ የሚባለው ቃል ስሙ ጠፍቷል፣ ታፔላሽ ላይ እንዳላየው› ብላኛለች። ታፔላ ጸሐፊው ደግሞ በራሱ ጊዜ ‹የገላ ማሻሻ ቤት› ብሎ ጀምሮታል። ያስተማረኝ ሰው ‹የሙያ ቃል አይተረጎምም፣ ማሳጅ በይና ተገላገይ› ይላል። የትኛው ነው ልክ? ስዊድሽ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ሺያትሱ የሚባሉትንስ በአማርኛ ምን ልበላቸው? ‹ዲፕ ቲሹ›ን ስልኬ ‹ጥልቅ ሶፍት› ብሎ ተረጎመልኝ።»

መልስ፦ ልጄ፣ «ጥልቅ ሶፍት» ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ጥያቄሽ ግን የቆየ ሕመሜን ነክቶብኛልና መልሱ ይረዝማል፣ ቻይኝ።

መጀመሪያ የታፔላ ጸሐፊውን አስቁሚልኝ። «ማሸት» እና «ማሻሸት» አንድ አይደሉም። አሸ ዓላማ ያለው ሥራ ነው። ሊጥ ይታሻል፣ ልብስ ይታሻል፣ ቆዳ ይታሻል፣ ወለም ያለው እግር ይታሻል። አሻሸ ግን ድግግሞሽ ገብቶበታል፤ መደባበስም መለማመጥም አለበት። ድመት እግርሽ ላይ ትታሻሻለች። ሹም ፊት የሚታሻሽም ሰው ሞልቷል። እናትሽ «ማሳጅ»ን ከፈሩ «የገላ ማሻሻ»ን ቢያዩ ምን ሊሉ ነው?

አሁን ወደ ግሱ እንግባ። አሸ፣ ያሻል፣ አሽቶ፣ ማሸት። ትእዛዙ ለወንድ «እሽ»፣ ለሴት «እሺ» ነው። እኛ ጎጃሞች ደግሞ «እሺ» በማለት ፈንታ «እሽ» እንላለን። ደንበኛሽ «ትከሻዬን እሺ» ቢልሽና አንቺም «እሽ» ብትይው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በአነጋገር የመስማማቱ «እሺ» ሸ ይጠብቃል፣ የትእዛዙ ይላላል። ፊደላችን ማጥበቂያ ስለሌለው ግን ወረቀት ላይ መለየት አይቻልም።

«ያሻል» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «ጥንቃቄ ያሻል» ስንል ያስፈልጋል ማለታችን ነው፤ እሱ ከ«ሻ» የወጣ ነው፣ ፈለገ ከሚለው። «ወገቤ ወጌሻ ያሻዋል» ብልሽ ታዲያ ምን ትሰሚያለሽ? ወገቤ ወጌሻ ያስፈልገዋል? ወይስ ወገቤን ወጌሻ ያሸዋል? ለሁለተኛው «ወገቤን» እና «ያሸዋል» ማለት ነበረብህ የሚል ሰዋስው ዐዋቂ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን የቅኔ ቤቶቹን ጎንጅና ዋሸራን ያበቀለ አገር ልጅ ኅብረ ቃል፣ ባለ ሁለት ፍቺ ቃል፣ አግኝቶ ለአንዲት «ን»ና ለአንዲት «ሸ» ብሎ አይጥልም።

ስሙ ምን ይሁን ለሚለው የእኔ ምርጫ «እሽታ» ነው። ከአየ «እይታ» እንደወጣ ከአሸ «እሽታ» ይወጣል። አድራጊዋ በሣልስ «አሺ» ትባላለች፤ ሰማ ብሎ ሰሚ፣ ቀባ ብሎ ቀቢ እንደሚባለው። ቦታው «መታሻ» ነው። ይህን አንድ ጊዜ በጉባኤ ስናገር አንድ ሊቅ ተነሥተው «እሽታ ከእሺታ በምን ይለያል? ሰው ሊታሽ ይሁን ሊስማማ የመጣ እንዴት ይታወቃል?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። በልቤ «ከታሸ በኋላ ይስማማል» ብያለሁ፣ አፌ ግን ዘገየብኝ። ነገሩ እውነት እንዳለው አልክድም። ቃሉ ለጆሮ ገና እንግዳ ነው።

እኒሁ ሊቅ በሌላም ነገር ከእኔ ጋር አይስማሙም። እኔ «እሸት» የሚለው ቃል ከ«አሸ» ወጣ እላለሁ። ገና ያልደረቀ የገብስ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ ያልበላ የጎጃም ልጅ አለ? የታሸ ነውና እሸት ተባለ። ያምራል። እሳቸው ግን ከግዕዙ «ሠዊት» ነው የመጣው ይላሉ። ትግርኛም እስከ ዛሬ «ሰዊት» ይለዋል፤ ሠ ወደ ሸ፣ «ዊ» ጠፍታ፣ እሸት። ቀጥለውም «የባቄላ እሸት ማን ያሸዋል? ይፈለፈላል። የበቆሎ እሸት ማን ያሸዋል? ይጠበሳል» ይላሉ። ማስረጃው ወደ እሳቸው እንደሚያደላ ዐውቃለሁ። ግን መዳፌ ላይ የቀረው የገብስ ሽታ ወደ እኔ ያደላል፣ እኔም ከመዳፌ ጋር ነኝ። አንቺን ይህ ምንም አይጠቅምሽም፣ ይቅርታ።

«ማሳጅ» ራሱ ከየት መጣ? ወደ እኛ የደረሰው ከፈረንሳይኛው ነው፤ ለዚህ ነው በደንብ የሚጠሩት ሰዎች «ማሳዥ» የሚሉት። እኛ ግን ጋራዥን ጋራጅ እንዳልነው ይህንንም በጅ አሳረፍነው። ፈረንሳዮቹ ከማን ወሰዱት በሚለው ሁለት ወገን አለ። አንዱ ከዐረብኛ ነካ፣ ዳሰሰ ከሚለው «መሰ» ነው ይላል። ሌላው ከፖርቱጋልኛው «አማሳር» ነው ይላል፤ እሱ ሊጥ ማቡካት፣ ሊጥ ማሸት ማለት ነው። እኔ በሁለተኛው ልቤ ይወድቃል። ምክንያቱን ትገምቺያለሽ፤ የእኛም «ማሸት» ከቡኮው አይርቅምና። የሩቅ አገር ሰውና የእናቴ ማጀት በአንድ ሐሳብ ሲገናኙ ደስ ይለኛል። ደስ ማለት ማስረጃ አይደለም፣ ዐውቃለሁ።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። እዚህ ላይ አማርኛ አፉን ሞልቶ ይናገራል። ስዊድሽ የሚባለው የስዊድናዊው ሊንግ (እ.ኤ.አ. 1776–1839) ሥራ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። የእጅ እንቅስቃሴዎቹን በየመልካቸው በማደራጀት የሚነሣው ግን ሆላንዳዊው ሐኪም ሜዝገር (እ.ኤ.አ. 1838–1909) ነው። ስሞቹ ሁሉ ፈረንሳይኛ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሸምድደሻቸዋል። ተመልከች እንግዲህ። «ኤፍሉራዥ» ቀስ ብሎ በመዳፍ መሄድ ነው፤ እኛ መዳበስ እንለዋለን። «ፔትሪሳዥ» በፈረንሳይኛ ሊጥ ከማሸት የመጣ ነው፤ ይኸውልሽ ማሸት እሱው ራሱ! «ፍሪክሲዮን» መፈተግ ነው። «ታፖትማን» መታ መታ ማድረግ ነው። አምስተኛው ማንቀጥቀጥ ነው። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ሳይማሩ ለይተው ያውቁት ነበር።

ልጅ ሆኜ ብቸና አጠገብ ጥጃ ስጠብቅ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ። አንዲት ወጌሻ ባልቴት ዘንድ ወሰዱኝ። ቅቤውን በመዳፋቸው እሳት ዳር አሟሟቁት። እየሠሩ ይናገሩ ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለእግሬ አላውቅም። «አሁን ልዳብሰው ነው። አሁን ላሸው ነው። አሁን ጫን ላደርገው ነው። አሁን አትመልከት።» ከዚያ ሳቡት። ቋ አለ። ጩኸቴን ሰፈር ሰማው። ዛሬ ነገሩን ሳስበው ከሕመሙ ይልቅ ግሶቹ ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ለእያንዳንዱ የእጅ ሥራ የራሱ ግስ! «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረትም ሙሉ ለሙሉ የተረዳሁት ያን ቀን ነው፤ የእግሩ ግን ይታሻል። (የአጥንት ስብራት ከሆነ ግን ማሸት ይጎዳል፤ ሐኪም ቤት ነው። ይህን አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ።)

«ዲፕ ቲሹ»ን በተመለከተ፣ ቲሹ በሥነ ሕይወት «ኅብረ ሕዋስ» ነው። «ጥልቅ ኅብረ ሕዋስ» ብለሽ ብትጽፊ ግን ደንበኛሽ ምርመራ የሚደረግለት ይመስለዋል። «ጠበቅ ያለ እሽታ» በይው። ቅቤ ሻጭ እንኳን ይገባዋል። «ሆት ስቶን»ን «የጋለ ድንጋይ» እንዳትይ፤ የሚግል ምጣድና ብረት ነው፣ ሰው ይሸሻል። «ትኩስ»ም ለእንጀራና ለወሬ ይቅር። «የሞቀ ድንጋይ» ይበቃል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባዛልት ነው አሉ፣ የእኛ ጥቁር ድንጋይ። ታዲያ ጎጃም ላይ ድንጋይ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ካለ አሳዩኝ።

እስከዚህ እያሸነፍኩ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ከእስያዎቹ ነው። ሺያትሱ በጃፓንኛ «ሺ» ጣት፣ «አትሱ» ግፊት ማለት ነው። ማሸት የለበትም፤ በአውራ ጣት መጫን ነው። የታይላንዱ ደግሞ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ነው። ሰውዬው ልብሱን እንደለበሰ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ቅባት የለም። እጁና እግሩ ይሳባል፣ ይጠመዘዛል፣ ይፍታታል። ይህንን «የታይ እሽታ» ብል ራሴን ማታለል ነው። ምንም የታሸ የለምና። ሪፍሌክሶሎጂም፣ አሜሪካዊቷ ዩኒስ ኢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስፋፋችው፣ ውስጥ እግርን እየመረጡ መጫን ነው። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ እግሩን በለብታ ውሃ አጥቦ፣ ውስጥ እግሩን ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ፣ ጉልበቱን ስሞ መነሣት ነበር። ያን ግን ማንም ሕክምና አላለውም፤ እግር ማጠብ ነው የተባለው።

ስለዚህ መምህርሽ ግማሽ እውነት አለው። «ማሸት»ም «መጫን»ም «መሳብ»ም አንድ ላይ የሚጠሩበት ጃንጥላ ቃል አማርኛ አላበጀም። እኔ «እሽታ»ን ጃንጥላ ላድርገው ብል ለሺያትሱ ያፈሳል። «ማሳጅ» ግን ሥሩን ማንም ስለማያየው ሁሉንም ይሸፍናል። ሳልወድ ነው የማምነው። ሰው «ታሸሁ» ማለት ትቶ «ማሳጅ ተደረግሁ» ካለም ቆይቷል፤ የልጅ ልጄ እንኳ እንዲያ ነው የምትለው። «የሙያ ቃል አይተረጎምም» የሚለው ጠቅላላ ፍርድ ግን ስንፍና ነው። እንዲያ ቢሆን ኅብረ ሕዋስም፣ የደም ዝውውርም ባልኖሩ።

«ወጌሻ»ን ስላነሣሁ እሱንም ልጨርስ፤ አንዳንድ ሰው «አሺ» ከማለት «ዘመናዊ ወጌሻ» በይ ብሎ ሊመክርሽ ይችላል። ወጌሻ «ከወጋ» ነው የሚሉ አሉ። አልቀበልም። ወጌሻ አይወጋም፤ የሚበጣና በዋግምት ደም የሚስብ ሌላ ባለሙያ ነው። «ሻ»ም የአማርኛ የአድራጊ መድረሻ አይደለችም። አፋን ኦሮሞ «ኦጌሳ» ይላል፤ ባለሙያ፣ ዐዋቂ ማለት ነው። ቤቱ እዚያ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ ወጌሻ ሜዳ ገብቷል፤ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠው የቡድኑ ወጌሻ ይባላል፣ በፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ቢኖረውም። ይህ አጠቃቀም ደስ ብሎኛል። አሮጌ ቃል አዲስ ትጥቅ ለብሶ ሲሮጥ ማየት ብርቅ ነው። አንቺ ግን አጥንት ስለማትመልሺ ስሙን አትውሰጂ። የወለቀ ትከሻ ይዞ የሚመጣብሽ አይጠፋም።

እንግዲህ ታፔላው ላይ፣ ሰው ፈልጎ እንዲያገኝሽ፣ «ማሳጅ» የሚለውን ጻፊ። ይህን በእጄ መጻፌ ይቆረቁረኛል። ከሥሩ ግን በደንብ በሚነበብ ፊደል «የወገብና የትከሻ መታሻ» በይ። ወገብና ትከሻ የሚል ቃል ባለበት የእናትሽ ሥጋት የሚቀንስ ይመስለኛል። ውስጥ የዋጋው ዝርዝር ላይ አማርኛውን ልቀቂው፤ ጠበቅ ያለ እሽታ፣ ለስላሳ እሽታ፣ በጣት መጫን፣ ስቦ ማፍታታት፣ ውስጥ እግር መጫን፣ የሞቀ ድንጋይ። «እሽታ»ን አንድ ቦታ ላይ ብትተዪልኝ ውለታሽን አልረሳም። ደንበኛ «እሺታ ነው?» ብሎ ቢጠይቅሽ በ«ሽ» ሳድስ መሆኑን ንገሪው። ለታፔላ ጸሐፊውም ዛሬውኑ ደውይለት፤ «ማሻሻ» ያለው ቀለሙ ሳይደርቅ በጨርቅ አሽቶ ያጥፋው።