ኮኔክሽኑ የት ጋ ነው የሚንቀራፈፈው?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ካለ የቡና ንግድ ቢሮ ነው። 14 ኮምፒውተር አላቸው፣ ሁሉም በአንድ የስኩዊድ ፕሮክሲ (የኮምፒውተሮቹን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ነው የሚወጡት። ሠራተኛው "ኮኔክሽኑ ሞቷል" ይላል፣ አገልግሎት ሰጪው ደግሞ "መስመሩ ደህና ነው" ይላል። ጠያቂያችን ሎጉን (ስኩዊድ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚመዘግብበትን ፋይል) ሲከፍት ሁለተኛው ዓምድ ላይ 312000 የሚል ቁጥር አየና ደነገጠ። ስኩዊድ ጊዜው የት እንደባከነ ለይቶ እንዲነግረው ማድረግ ይቻል እንደሆነ ነው የጠየቀኝ።

ይቻላል ወንድሜ። በመጀመሪያ ግን ያን 312000 እናጥራው። ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ነው፣ አምስት ደቂቃ ከ12 ሰከንድ መሆኑ ነው። መስመሩን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? "ኮኔክት" የሚል ካለበት ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ነው፣ ስኩዊድ ውስጡን አያይም። ቧንቧ ከፍቶ ዳታውን ያሳልፋል፣ የሚቆጥረውም ቧንቧው ክፍት ሆኖ የቆየበትን ጊዜ ነው። ጸሐፊዋ ኢሜይሏን ከፍታ ቡና ልትጠጣ ብትወጣም ቁጥሩ መሮጡን ይቀጥላል። ይሄን ይዘህ ለአቤቱታ እንዳትሄድ።

አሁን ወደ ሥራው። ስኩዊድ ኮዱ ክፍት ነው፣ ግን ኮዱን መንካት አያስፈልግህም። የስኩዊድ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ "ሎግፎርማት" በሚለው ትእዛዝ የራስህን ዓምዶች ትሠራለህ። እነዚህን አራቱን አስገባ፦ %ዲቲ፣ %<ፒቲ፣ %<ቲቲ እና %ቲአር (ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ትንንሹን ነው የምትጽፈው)። አዲሱን ሎግ በሌላ ፋይል አውጣው። አንድ ነገር ልብ በል፦ "አክሰስ ሎግ" የሚል መስመር አንዴ ከጻፍክ በነባሪነት ይሠራ የነበረው ሎግ ይቀራል፣ ስለዚህ የድሮውንም አብረህ ጻፈው። ከዚያ በ"ፓርስ" አስፈትሸው፣ ስህተት ከሌለ በ"ሪኮንፊገር" አስነሳው። ሰርቪሱን ማጥፋት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ዲኤንኤስ ፍለጋ (የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ መቀየር) የወሰደው ጊዜ ነው። ብዙ መቶ ሚሊሰከንድ እየደጋገመ ካሳየህ የዲኤንኤስ ሰርቨርህን ቀይር፣ ግማሹ ስሞታ እዚያ ያልቃል። ሁለተኛው ጥያቄው ተልኮ ካበቃ በኋላ የመልሱ የመጨረሻ ባይት እስኪመጣ የተጠበቀው ነው። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ይሄ ከረዘመ ወይ ሰርቨሩ ሰንፏል፣ ወይ መንገዱ ሩቅ ነው። ሦስተኛው ከሰርቨሩ ጋር የነበረው ጠቅላላ ጊዜ ነው። አራተኛው ስኩዊድ የጥያቄውን የመጀመሪያ ባይት ከሠራተኛው ኮምፒውተር ከተቀበለበት የመልሱን የመጨረሻ ባይት እስካስረከበበት ያለው ነው። የመጀመሪያውና ሦስተኛው አጭር ሆነው አራተኛው ከረዘመ፣ ችግሩ ከግድግዳህ ውስጥ ነው፦ ዋይፋይ፣ ስዊች ወይም የተበላ ገመድ።

እዚህ ላይ እኔም ተበልቻለሁ። አንድ ቢሮ ሦስተኛውም አራተኛውም ዓምድ እኩል ረዝመው አየሁና ሳምንት ሙሉ መስመሩን ስራገም ከረምኩ። ለካ ፋይሉ ትልቅ ሲሆን ስኩዊድ ተቀባዩን ብዙ ቀድሞ አይሄድም። ተቀባዩ ከተንቀራፈፈ እሱም ከሰርቨሩ የሚወስደውን ያዘገያል፣ ስለዚህ ሁለቱም ቁጥር አብሮ ይረዝማል። በመጨረሻ ያንኑ ፋይል ራሱ ስኩዊዱ ማሽን ላይ ሆኜ ሳወርደው ወዲያው ወረደ። ጥፋቱ ከብረት ቁምሳጥን ኋላ የተደበቀው የዋይፋይ ራውተር ነበር። አንተም ትልቅ ፋይል ስታይ ይህን ሙከራ ሳታደርግ አትፍረድ።

ኤችቲቲፒኤሱንስ? ስኩዊድ እንዲፈታው ማድረግ ይቻላል፣ ግን የሠራተኛ ሁሉ የባንክ ፓስወርድ በእጅህ ሊያልፍ ነው፣ አልመክርህም። በራስህ ላፕቶፕ ላይ ሚትምፕሮክሲን (የተመሰጠረውን ፈትቶ የሚያሳይ ሌላ ፕሮክሲ) ጫን፣ ሰርተፊኬቱን እዚያው ብቻ አስገባ። ይሄም ክፍት ነው፣ በፓይተን ትንሽ ስክሪፕት ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ይይዝልሃል፤ መልሱ ከጀመረበት ላይ ጥያቄው ያለቀበትን ስትቀንስ የሰርቨሩን ጥበቃ ታገኛለህ። ከአስር መስመር አይበልጥም። የኮኔክሽን መክፈቻውን ጊዜ ግን በየጥያቄው አትደምር፣ አንዴ የተከፈተው ለብዙ ጥያቄ ስለሚያገለግል ያንኑ ጊዜ ደጋግመህ ትቆጥራለህ።

የሰዓቱን ነገር አትርሳ። የስኩዊድ የመጀመሪያ ዓምድ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፣ በ%ቲኤል ብትተካው ለዓይን ይቀላል። እንደዚያም ሆኖ ሎጉ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፈው፦ ሒሳብ ክፍሏ "ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጥ አለ" ካለችህ 9፡00 ላይ ፈልግ።