ቅርንጫፍ በትራክተር ከትፎ ጉዝጓዝ ማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

የግቢ ዛፍ ተገርዞ ቅርንጫፉ ሲከመር ብዙ ሰው ክብሪት ይፈልጋል። በትራክተር በሚሠራ መክተፊያ ከትፎ አፈሩን ማልበስ ግን ይሻላል፤ ጉዝጓዝ የምለው ይህን አፈር ላይ የሚነጠፍ የተከተፈ እንጨት ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ፤ አንዳንዱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ።

ማንኛውም ትራክተር ይሆናል?
ከትራክተሩ ጀርባ ፒቲኦ የሚባል የሚሽከረከር ዘንግ አለ። መክተፊያው በሻፍት፣ ማለትም በሚሽከረከር ማገናኛ ዘንግ፣ ከእሱ ጋር ይገናኛል። አብዛኛው መክተፊያ የሚሠራው በደቂቃ 540 ዙር ነው። 1000 ዙር የሚሠራ ፒቲኦም ስላለ ሳታመሳክሩ እንዳትገጥሙ። የሚፈልገው የፈረስ ጉልበት መመሪያው ላይ አለ።

ቺፐርና ሽሬደር አንድ አይደሉም እንዴ?
አይደሉም። ቺፐሩ ከባድ ዲስክ ላይ በታሰሩ ቢላዎች እንጨት ይከትፋል። ሽሬደሩ በመዶሻ ቅጠልና ጭራሮ ይቀጠቅጣል። ሁለቱንም የያዘ ማሽን ካላችሁ አፋቸው ለየብቻ ነው።

የኔ ማሽን ክር ክርና ዱቄት ነው የሚያወጣው። ምን ሆኖ ነው?
ቢላው ደንዟል። የተሳለ ቢላ ጥርት ያለ ቁራጭ ያወጣል፤ እንጨቱንም ራሱ ይስበዋል። እናንተ መግፋት ከጀመራችሁ የመሳያው ጊዜ አልፏል። በቢላውና በቋሚው ስለት መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋም ልጡ ሳይቆረጥ እየተላጠ ያልፋል። ቢላ የሚጨርሰው ደግሞ እንጨት ሳይሆን አፈር ነው። መሬት ለመሬት የተጎተተ ቅርንጫፍ ልጡ ውስጥ አሸዋ ይዞ ይመጣል። አራግፉት። ከነሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦማ ጭራሽ አይግባ።

ቶሎ ቶሎ ይታፈንብኛል።
እርጥብ ቅጠል ብቻውን ከገባ ሊጥ ይሆናል። ከደረቅ ጭራሮ ጋር አፈራርቁት። ሐረግ ዘንጉ ላይ ስለሚጠመጠም አስቀድማችሁ ቆራርጡት። ቅርንጫፉን በወፍራም ጫፉ በኩል አስገቡ፤ ማሽኑም ሙሉ ዙሩን ሳይዝ አትመግቡት።

ሲታፈን ፒቲኦውን አጥፍቼ በእጄ ባወጣውስ?
በፍጹም! ፒቲኦው ቢጠፋም ዲስኩ ከባድ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ድምፁ ስለቀነሰ ቆሟል ማለት አይደለም። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ ዲስኩ ቀጥ ብሎ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ክፈቱት።

ሻፍቱን ደግሞ ሰው ይንቀዋል። 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። የጃኬት ጫፍ ከያዘ «ወይኔ» ለማለት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የሻፍቱ መከላከያ ከተሰበረ ሥራው ይቁም። ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ገመድ፣ አፉ የሰፋ ጓንት አይደረግም። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግን ግድ ነው።

ሻፍቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቡሎን ተቆረጠች። ጠንካራ ልግጠምበት?
ተው! እሷ የተሠራችው እንድትቆረጥ ነው። ጠንካራ ካስገባህ ቀጥሎ የሚሰበረው ማርሽ ነው፤ እሱ ደግሞ ኪስ ያራግፋል። መመሪያው ያዘዘውን ዓይነት ግጠም፣ መለዋወጫም ያዝ።

ትኩስ (ገና የተከተፈ) ጉዝጓዝ የአፈሩን ናይትሮጂን ይበላል ይባላል። እውነት ነው?
ግማሹ እውነት ነው። እንጨት ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጂኑ ትንሽ ነው። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጂን ከአፈሩ ይወስዳሉ። ከአፈር ጋር ከቀላቀላችሁት ተክሉ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ከላይ ከተነጠፈ ግን ሽሚያው አፈሩ ገጽ ላይ ብቻ ስለሚቀር ሥሩ ጠለቅ ያለ ተክል ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ ለዛፍና ለቁጥቋጦ ትኩሱን አንጥፉ። ዘር የምትዘሩበት መደብ ላይ ግን አይሁን።

ውፍረቱስ?
ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር። ግንዱን አታስነኩት፤ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዉ። ግንድ ላይ የተቆለለ ጉዝጓዝ እርጥበት ይዞ ልጡን ያበሰብሳል። ብዙ ሰው ለምን ግንዱን እንደሚያለብስ አይገባኝም።

የከመርኩት ጉዝጓዝ ጠዋት ይጨሳል። ሊቃጠል ይሆን?
አብዛኛውን ጊዜ እንፋሎት ነው። ትኩስ ክምር ሲበሰብስ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የግቢ ክምር ትንሽ ስለሆነ አያስፈራም፤ ግን ከቤት ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ከምሩት። የቆየ ክምር ስትበትኑ ደግሞ ነጭ ብናኝ ካያችሁ የሻጋታ ነው። ማስክ አድርጉና ውኃ ረጨት አድርጋችሁበት ጀምሩ።